የቨርነን የዝናብ ካፖርት

ቨርነን ሃውገን በመጋቢት ወር፣ የብረት ማዕድን መርከብ ላይ በሚጫንበት ወደብ በሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቆሞ ሞተ። አርባ ስምንት ዓመቱ ነበር። ሚስቱ ማርሊስ በከተማው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የልጆቹን ምሳ ስታዘጋጅ ሰው ልከው አስጠሯት። እጇን ታጠበች፤ ሽርጧን ፈትታ አጣጥፋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ ሄደች።

ከቀብሩ በኋላ ለአንድ ሳምንት ጎረቤቱ ሁሉ ምግብ ተሸክሞ መጣ። ምግቡ ሲያልቅ ማርሊስ የመጣባቸውን ስስ የአሉሚኒየም ትሪዎች አንድ በአንድ አጥባ፣ አድርቃ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደረደረቻቸው። የቨርነን እህት አርዲስ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታያት ነበር።

«አንቺ ሴት፣ እነዚህ እኮ ተበልቶባቸው የሚጣሉ ናቸው።»

«ለካምፕ ይሆናሉ» አለች ማርሊስ።

«ዘንድሮም ልትሄዱ ነው?»

ማርሊስ የመጨረሻውን ትሪ ወደ ብርሃን አንስታ ቀዳዳ እንዳለው አየች። የለውም። ከሌሎቹ ጋር ደረበችው።

በየዓመቱ ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሃውገኖች ሦስት ሰዓት ወደ ሰሜን ነድተው፣ ጥዱ እስከ ውሃው ድረስ ከወረደበት ሐይቅ ዳር ድንኳን ይተክላሉ። ሆቴል አስበውም አያውቁ። ለጉዞው ብለው ከሱቅ የሚገዙትም ነገር የለም። የድንኳኑ ምንጣፍ ያረጀ የገላ መታጠቢያ መጋረጃ ነው። ወተት የተጠጣባቸው ባዶ ፕላስቲኮች ውሃ ተሞልተው በረዶ ይሆኑና መጀመሪያ ሥጋውን ያቀዘቅዛሉ፣ ሲቀልጡ ደግሞ ይጠጣሉ። የእንቁላል ካርቶን ጉድጓዱ ሰጋቱራ ተሞልቶ የሻማ ትራፊ ይፈስበታል፤ እርጥብ እንጨት እንኳ በእሱ ይቀጣጠላል። የሽንት ቤት ወረቀቱ እንዳይርስ ክዳን ባለው የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ዝናብ ከጣለ ልጆቹ ካልሲያቸው ላይ የዳቦ ላስቲክ አጥልቀው ጫማ ያደርጋሉ።

«የወንድሜ ቤተሰብ ካምፕ አይወጣም» ትል ነበር አርዲስ፣ «ጓዳው ነው የሚሰደደው።» ቨርነን ይህን ሲሰማ እንደ ምስጋና ቆጥሮ ይስቅ ነበር።

ሐምሌ መጣ። ማርሊስ እንደ ልማዷ ፕላስቲኮቹን ውሃ ሞላች፣ ሻማ አቀለጠች። ታላቋ ልጇ ጌይል አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ወሯ። «እኔ አልሄድም» አለች። ታናሿ ኮኒ፣ የአሥር ዓመቷ፣ «እሄዳለሁ» አለች። ማርሊስ ለሁለቱም «እሺ» ብላ ሻማውን ማፍሰሷን ቀጠለች። ይህ «እሺ» ነው ጌይልን ያናደዳት። እናቷ ብትቆጣት ኖሮ ትቀር ነበር። ስላልተቆጣቻት እየተነጫነጨች ቦርሳዋን አዘጋጀች።

ከመሄዳቸው ሁለት ቀን አስቀድሞ ማርሊስ ድንኳኑን ምድር ቤት ዘረጋችው። ጣሪያው ላይ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ አለው፤ አምና ከእሳት የተነሳ ፍንጣሪ አርፎበት ነው። ቨርነን «ብርዱ ሲገባ እጠግነዋለሁ» ብሎ ነበር። ውሃ የማያስገባ ጨርቅ ፈለገች። ልብሶቹን ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥታለች። የቀረው ደረጃው ሥር ምስማር ላይ የተሰቀለው የዝናብ ካፖርቱ ብቻ ነበር፤ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጀርባው ላይ ጀልባውን ሲቀባ የነካው ብርቱካናማ ቀለም ያለበት።

አወረደችው። ኪሶቹን ፈተሸች፤ አንድ የመፍቻ ቁልፍና የደረቀ መሐረብ አገኘች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጀርባውን በመቀስ ቆረጠችው። አንድ ነገር ይሰማኝ ይሆን ብላ ትንሽ ጠበቀች። የተሰማት የመቀሱ መደነዝ ብቻ ነበር። በስፌት መኪናዋ ዙሪያውን ሁለቴ ሰፋችው፤ ሲያልቅ ድንኳኑን ጠቅልላ አሰረችው።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ከሰዓት በኋላ ነበር። ማርሊስና ጌይል ብረቶቹን ይዘው ተደናገሩ፤ ቨርነን ነበር ሁልጊዜ የሚተክለው።

«የኋላው ነው የሚቀድመው» አለች ኮኒ። «አባዬ የኋላውን ያቆማል፣ ከዚያ ሄዶ የፊቱን። በመሃል ደግሞ ይሳደባል።»

እንደተባለው የኋላውን አስቀድመው አቆሙት። የሚሳደብ ግን አልነበረም።

ሽማግሌው ኢኖ፣ ጎረቤት ቦታው ላይ በየዓመቱ ብቻቸውን የሚሰፍሩት ፊንላንዳዊ፣ ጢማቸውን እያሻሹ መጡ። «እንኳን መጣችሁ! ቨርነንስ? ገና መኪናው ሳይበርድ ዓሣ ሊያጠምድ ወረደ?»

«ሞተ» አለች ማርሊስ። «መጋቢት ላይ።» ድምፅዋ ዳቦ አልቋል የምትል ሱቅ ጠባቂ ድምፅ ነበር።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማርሊስ ባዶ የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ ውሃ ሞልታ ለእጅ መታጠቢያ ዛፉ ላይ ታንጠለጥል ነበር። ትንሽ ቆይተው በመጡበት እግር ተመለሱ።

በዚያው ቅጽበት ጌይል ከድንኳኑ ውስጥ ተጣራች። ጥሪዋ ጩኸት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«እማ! ይሄ ምንድን ነው?»

ማርሊስ ጎንበስ ብላ ገባች። ጌይል ተንጋልላ ወደ ጣሪያው ትጠቁማለች፤ አረንጓዴው ጥጋን፣ ብርቱካናማው ቀለም።

«ቀዳዳ ነበረው» አለች ማርሊስ።

«የአባዬ ካፖርት ነው! ቆረጥሽው? በመቀስ?»

«ጨርቁ ጥሩ ነበር።»

«ጨርቁ ጥሩ ነበር!» ጌይል ተነስታ ተቀመጠች፤ ፊቷ ቀልቷል። «ቤታችን ውስጥ የማይቆረጥ ነገር አለ? እኔም ብሞት ቀሚሴን የሳህን መጥረጊያ ታደርጊዋለሽ አይደል? አንድ ቀን እንኳ አላለቀስሽም። አንድ ቀን! ሰው ሁሉ እያየሽ ነው፣ ታውቂያለሽ?»

ጌይል መኝታዋን ጠቅልላ መኪናው ውስጥ ገባችና በሩን ደረገመችው።

ሁለት ቀን ሙሉ እዚያው ነበረች። ጠዋት ጠዋት ማርሊስ ቂጣ ጠብሳ በአሉሚኒየም ትሪ የመኪናው አፍንጫ ላይ ታስቀምጥላታለች፤ ጌይል እናቷ ዞር ስትል ትወስደዋለች። በሁለተኛው ቀን ኢኖ በጋዜጣ የተጠቀለሉ አራት ዓሦች አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ተበልተው የሚያልቁ ናቸው» አሉ ብቻ። ማርሊስ አመሰገነች፤ ጠበሰች፤ ኮኒ አጥንቱን እያወጣች በላች። ማርሊስም በላች። ጨው ጨምራ ይሁን አትጨምር አላወቀችም።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ሰማዩ ከሐይቁ ማዶ ጠቆረና ነፋሱ ቀድሞ ደረሰ። ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ማርሊስና ኮኒ ድንኳኑ ውስጥ ሆነው የመሃሉን ብረት በአራት እጅ ያዙት። ወዲያው የኋላው ካስማ ተነቀለና ሸራው ፊታቸው ላይ መውደቅ ጀመረ።

«ያዢው ኮኒ፣ እንዳትለቂው!»

«እየያዝኩት ነው! እጄ ሊቆረጥ ነው!»

ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ጌይል በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች፤ ካስማውን አንስታ በድንጋይ መታ መታ አድርጋ ከጭቃው ውስጥ ቀበረችው፣ ገመዱን ወጠረችው። ሸራው ቀና አለ። ከዚያ ከራስ ጸጉሯ እስከ እግሯ ረጥባ እየተንቀጠቀጠች ገባች። ማርሊስ ብርድ ልብስ አለበሰቻት። ሦስቱ ተጠጋግተው ተቀመጡ።

በረዶው ጣሪያውን ይቀጠቅጠዋል። በስፌቶቹ በኩል እዚህም እዚያም ውሃ ይንጠባጠባል። ጌይል ወደ ላይ አየች። ጥጋኑ ደረቅ ነበር። እጇን ዘርግታ መዳፏን ለጠፈችበት፤ አላነሳችውም።

«በጣም አጥብቀሽ ነው የሰፋሽው» አለች።

«ሁለቴ ነው የዞርኩበት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለች ማርሊስ። «ምንም አይሰማኝም፣ ጌይል። እጄ የለመደውን ይሠራል፤ እኔ ቆሜ አየዋለሁ። ካፖርቱን ስቆርጠው፣ አሁን አለቅሳለሁ፣ አሁን እወድቃለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ምንም። የደነዘዘ ጥርስ ታውቂያለሽ፣ ሐኪሙ መርፌ ከወጋሽ በኋላ? እንደዚያ ነው። ሰው መሆኔ የቀረ ይመስለኛል።»

ጌይል አፍንጫዋን በብርድ ልብሱ ጠረገች። «እኔ ደግሞ ሁሉም ነገር ይሰማኛል» አለች። «ጫማ ስገዛ እንኳ። ይሄም ደስ አይልም።»

«አይልም» አለች ማርሊስ።

ተቃቅፈው አላለቀሱም። ኮኒ «ዳቦ አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀች፤ ነበረ። የኦቾሎኒ ቅቤ ቀብተው፣ ዝናቡ እስኪያባራ እጃቸውን እየላሱ በሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጌይል ድንኳኑ ውስጥ ተኛች። ስለ ካፖርቱ ግን ዳግመኛ አላነሳችም፤ ይቅር አለች ማለት ይሁን አይሁን ማርሊስ አልጠየቀችም።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃቸውን ጫኑ። ኢኖ መጥተው የመኪናው ጣሪያ ላይ የተጫነውን ዕቃ ገመድ አጠበቁላቸው፤ ማርሊስን ክንዷን ያዝ አድርገው ለቀቁ። መኪናዋ ጋ ስትደርስ ማርሊስ ቁልፉን ይዛ ቆመች። መንገዱ ረጅም ነው፤ የጭነት መኪና ይበዛበታል። ቁልፉን ለጌይል ዘረጋችላት።

«እኔ? በአውራ ጎዳናው?»

«እኔ ደክሞኛል።»

ማርሊስ ዞራ ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ድልድይ ሲያልፉ ጌይል ከንፈሯን ነክሳ መሪውን በሁለት እጇ ስታንቅ አየች። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየችም።

ስትነቃ መኪናው ቤታቸው ደጃፍ ቆሞ ነበር። ሞተሩ በርዷል። የኋላ ወንበሩም ጣሪያውም ባዶ ነው፤ ሳጥኑ፣ ትሪዎቹ፣ መኝታዎቹ ሁሉ ገብተዋል። ድንኳኑ ጓሮ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ኮኒ የመኪናውን መስታወት በጣቷ መታች።

«አክስቴ አርዲስ እራት ሠርታለች። ጌይል እንዳንቀሰቅስሽ ከለከለችን። አፍሽን ከፍተሽ ነበር የተኛሽው።»

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«እኔንጃ። ድንቹ ሊቀዘቅዝ ነው።»

ማርሊስ ቀና ልትል ስትሞክር አንገቷን ጨመደዳት፤ መስታወቱ ላይ ተጣሞ ነው የቆየው። በእጇ ያዘችው። በጣም ያማል። በሩን ከፍታ እግሯን መሬት አስረገጠችና ሕመሙ እስኪለቃት እዚያው ተቀምጣ ቆየች፤ ከዚያ ኮኒን ተከትላ ገባች።