ጆሮ የሌለው ቆዳ

ከሁምቦ የተነሳሁት መስቀል ባለፈ በአራተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በያዝኩት ጆንያ ውስጥ የላም ቆዳ አለ። የምሄደው ከሶዶ በላይ፣ ዳሞታ ተራራ ሥር ወዳለችው የሀብታሞች መንደር ሲሆን፣ ጉዳዬም ላሟ በገንዲ በሽታ መሞቷን ለባለቤቷ ማሳመን ነው።

ላሟ የእናቴ አልነበረችም። በእኛ አገር ሀብታም ከብቱን ሁሉ ደጁ ላይ አይሰበስብም፤ ለደኻ ቤት ለርቢ ይሰጣል። ይህን «ሀራ» እንለዋለን። አርቢው ወተቱን ይጠጣል፣ ጥጃውን ይካፈላል። ከብቱ ከሞተ ግን ቆዳውን ተሸክሞ ባለቤቱ ዘንድ መቅረብ አለበት። እማዬ አባቴ ከሞተ ጀምሮ የኖረችው በዚያች ላምና በጊደሯ ነው። ካላመኑን ጊደሯን ይወስዷታል። ከሁሉ የፈራሁት ግን «ከብት በላች» የሚለውን ስም ነው። ያ ስም ከወጣባት ፍየል እንኳ የሚያምናት አይኖርም።

ማታውን «ቆዳውን እንዳለ ስጣቸው» ብላኝ ነበር። እኔ ግን የቦዲቲ አስተማሪ ነኝ፤ ክራባት አስሬያለሁ። በጭንቅላቱ በኩል ያለው ቆዳ እየተንጠለጠለና እየሸተተ አስቸገረኝ። እማዬ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ስትል ከአንገት በላይ ያለውን በቢላ ቆርጬ ጓሮ ጣልኩት። የቀረው በደንብ ታጠፈልኝ፤ በሥራዬም ረካሁ።

ከሁምቦ ወደ ሶዶ

በቆሎ የጫነ መኪና ላይ ሃምሳ ሳንቲም ከፍዬ ወጣሁ። መንገዱ አቧራና ድንጋይ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«የኔ ልጅ፣ ምን ይዘሃል?»

«መጽሐፍ ነው።»

«እንግዲያ ሞቷል፤ ቅበረው» አሉኝ። ጭነቱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ሶዶ ገበያ ዳር ጎደሬ በዳታ አዘዝኩ። የተፈጨው ቃሪያ ሌላ ጊዜ ምራቄን ያመጣል፤ ዛሬ ግን ሁለት ጉርሻ እንኳ አልወረደልኝም። «ባያምኑኝስ?» እያልኩ ሳህኑን ገፋሁት።

ቆርቆሮ መንደር

የሶዶ ሰው መንደሯን «ቆርቆሮ» ይላታል። ከገበያው ሽቅብ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ዳገቱ ላይ አንድ ሽማግሌ ወንጌላዊ አገኘሁና አብረን ወጣን። ታሪኳን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ልጅ ሳለሁ እዚህ ገብስና እንሰት ብቻ ነበር። ጣልያን ከወጣ በኋላ አንድ የቡና ነጋዴ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ። ዝናብ ሲመታው እታች ድረስ ይሰማል። እኛ ደግሞ ‹የሰውዬው ገንዘብ እየጮኸ ነው› እንል ነበር። ከዚያ ዳኛው መጣ፣ ባላባቱ መጣ፣ ሌላውም ተከተለ።»

መንደሯ በባሕር ዛፍ ተከባለች። ቤቶቹ ሰፊ በረንዳና ሰማያዊ መስኮት አላቸው። የወላይታ ቤት ደጁ ሣር ነው፤ ማንም መንገደኛ አይቶ፣ ሰላም ብሎ ያልፋል። እዚህ ግን ሁሉም አጥሮ በር ዘግቷል። የገረመኝ ግን በጠቅላላው መንደር እበት አለመርገጤ ነው።

«ከብታቸውስ የት ነው?» አልኳቸው።

«በእናንተ ቤት ነዋ! እንቅልፍ የሚነሳቸው እሱ አይደል? ሀብታቸው ቆላ ነው ያለው፤ በዓይናቸው አያዩት።»

እኔን ብቻ የጨነቀኝ መስሎኝ ነበር። ቢሆንም አላጽናናኝም፤ የሚጨነቅ ሀብታም ይበልጥ ያስፈራል።

በረንዳው ላይ

የላሟ ባለቤት አቶ ጮራሞ የቆዳና የቡና ነጋዴ ናቸው። እማዬን በወላይትኛ ነው የሚያናግሯት፤ እኔን ግን የመንግሥት ሠራተኛ ብለው በአማርኛ ተቀበሉኝ።

«መምህር፣ እናት ደኅና ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ላሟ ግን...»

ጆንያውን ፈታሁ። ቆዳውን ዘረጉት፣ ገለበጡት፣ እንደገና ገለበጡት።

«ጆሮው የታለ?»

«ምን አሉኝ?»

«ጆሮው! የኔ ከብት ግራ ጆሮው ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ ነው። ይሄ የማን ላም ነው?»

«ስለሚሸት ቆረጥኩት» አልኩ።

«ቆዳ ነጋዴ ቤት ስትመጣ ቆዳ ሸተተህ?» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «መምህር፣ መስቀል ሲደርስ የሚሞት ላም ብዙ ነው። እስከ ቅዳሜ ጆሮው ይምጣ። ካልሆነ ጊደሩ ይምጣ።»

ወደ ቤት

መኪና ስላጣሁ እስከ ሁምቦ በእግሬ ወረድኩ። ቤት የደረስኩት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። በቀጥታ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። የጣልኩት የለም። ውሻችን ብቻ ከእንሰቱ ሥር ተኝቶ አፉን ይልሳል።

የሆነውን ሁሉ ለእማዬ ነገርኳት። ወደ ውስጥ ገባችና በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። ሁለት ጆሮ ነው፤ አንዱ ግማሹ ተበልቷል።

«ከውሻው አፍ ነው የነጠቅኩት። ተጣራሁ፤ መኪናው ሄዷል።»

«የትኛው ነው የተበላው?» አልኳት።

«ቀኙ።»

በማግሥቱ ጆሮውን ይዛ ራሷ ወጣች፤ ልከተላት ብል እምቢ አለች። ቀኑን ሙሉ ጊደሯ አጠገብ ተቀምጬ መንገድ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ብቻዋን መጣች፤ ፀጉሯ ላይ ለጋ ቅቤ አለ። የአቶ ጮራሞ ሚስት ቀብተዋታል። ይህ በእኛ አገር ለተከበረ ሰው የሚደረግ ነው።

«ጊደሯስ?»

«ትቆያለች። ስትወልድ ንገሪኝ ብሏል።»

ያ ሁሉ የቆርቆሮ ቤት የቆመው በእናቴና በመሰሎቿ ቃል መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እኔ ለክራባቴ ስል ያንን ቃል ቆርጬ ለውሻ ሰጥቼው ነበር። አፈርኩ።

«ስለ እኔስ ምን አሉ?» አልኳት በመጨረሻ።

እማዬ በግንባሯ የወረደውን ቅቤ በመዳፏ ጠረገች።

«ልጅሽን አስተምሪው ብሏል።»