መግቢያው ውሃ ነው

ስሙን ልጠይቀው እያልኩ አፍሬ ቀረሁ። የቀበሌያችን መናፈሻ ጠባቂ ነው። ቁልፎቹ የረገፉ አሮጌ የወታደር ካፖርት ይለብሳል፤ ቆቡን ግን እንደ ሹም ቀጥ አድርጎ ነው የሚደፋው።

ቀበሌው ችግኞቹን የማጠጫ በጀት የለኝም አለ። ክረምት ሳይገባ ከደረቁ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ይሆናል ተባለ። እሱ ታዲያ አልተሟገተም። በሩ ላይ ጣሳ ይዞ ቆመና ሊያርፍ የሚመጣውን ሁሉ "መግቢያው አንድ ጣሳ ውሃ ነው" ይል ጀመር። ከቦኖ የሚመለሱት ሴቶች እንስራቸውን ዘንበል አድርገው ይሰጡታል። እኔም ከቤቴ ይዤ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ባዶ እጁን መጣ።

"ጓድ፣ ውሃዎ የታለ?" አለው ጠባቂው።

"እኔንም ነው፣ አያ?"

"ችግኙ ሊቀ መንበር አያውቅም።"

እኔ ፈርቼ መሬት መሬት አየሁ። ሊቀ መንበሩ ግን ስቆ ጣሳውን ተቀበለና ወደ ቦኖው ወረደ። ሴቶቹ "ምነው ጓድ! ሰልፍ የሚያስወጡን እርስዎ፣ ተራ ይያዙ እንጂ!" እያሉ ተሳሳቁበት።

ጠባቂው ጥግ ላይ ያለችውን ወይራ ግን ማንንም አያስነካም። መቃብር ፊት እንደቆመ ሰው ቆቡን አውልቆ፣ ከገዛ ኮዳው ራሱ ነው የሚያጠጣት። ምነው እሷን ብቻ ሲሉት፣ "ሸጋ ናት አይደል?" ብሎ ያልፋል።

ትናንት የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። አንድም ችግኝ አልደረቀም። ጣሳዬን ይዤ በሩ ላይ ስደርስ፣ "ዛሬስ እግዜር ከፍሎልሃል፣ ግባ" አለኝ።

ከዚያ በዚያ ሁሉ ዝናብ ወደ ወይራዋ ሄደ፤ ቆቡን አወለቀና ኮዳውን ከፈተ።