ጽፋቱ ሳይጀመር

በደርግ ጊዜ ነው። ባለቤቴ ላሊበላ የሚያገለግሉ መሪጌታ ነበሩ። መጀመሪያ ዳገት ከበዳቸው፤ ቀጥሎ ጭናቸው እየሟሸሸ፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው እየገፉ መነሳት ጀመሩ። ደሴ ያየን ሐኪም፣ "ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚጨርስ በሽታ ነው፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም" አለን። "ዝም ብለው ከተቀመጡ ይተሳሰራሉ፣ ከደከሙም ይጎዳሉ። በየቀኑ በልክ ይንቀሳቀሱ፤ ሳይደክምዎት ያቁሙ።"

ስንመለስ ካህናቱ አክብሮት አበዙ። ከመዘምራኑ ረድፍ አውጥተው ጥግ ላይ ምንጣፍ አነጠፉላቸው። ገበሬ ማኅበሩ ከእርከን ሥራ ነፃ ሲያወጣቸው አመስግኜ ነበር፤ ይኼ የካህናቱ ግን አንገበገበኝ። ክረምቱ ሳያልፍ ያለ ሰው እጅ ከምንጣፉ መነሳት አቃታቸው። እኔም መቀመጥ አቃተኝ፤ ከጓዳ ደጅ፣ ከደጅ ጓዳ።

የደብሩን አለቃ ፍለጋ ሄጄ ከደጀ ሰላሙ ጠበቅኋቸው።

"አባቴ፣ ቦታቸውን ይመልሱላቸው።"

"ልጄ፣ እኛ እኮ አዝነንላቸው ነው።"

"የታመመ ሰው ድርሻው ይቀነሳል እንጂ አይነጠቅም! እያሳረፋችኋቸው መስሏችሁ እያደረቃችኋቸው ነው።"

"ቢወድቁስ?"

"ዝማሜውን ይቁሙ። መቋሚያ ይዘው ቀስ እያሉ መወዛወዝ፣ ሐኪሙ ያዘዘውም ይኸንኑ ነው። ከበሮው ፈጥኖ የጽፋቱ ጭብጨባ ሲመጣ ይውጡ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ዝማሬም ልታስተምሪን ነው?"

"ከሴቶች በኩል ቆሜ ስሰማ አረጀሁ እኮ!"

ሳቁ፤ እሺ አሉ። ያስቸገሩኝ ባለቤቴ ናቸው።

"ዝማሬ አጋምሶ የሚወጣ ወይ ሆዱን ያመመው ነው፣ ወይ የሰከረ" አሉ።

"ሳይደክምዎት ነው ያለው ሐኪሙ።"

"ሐኪሙ ዝማሬ ያውቃል?"

እንደሚድኑ ተስፋ አድርጌ አልነበረም። የቀረቻቸው ጉልበት ያለ ፍርድ እንዳትወሰድ ነው የፈለግሁት።

ለማርያም በዓል ታቦቱ ወጥቶ ሲዘመር ከረድፉ ቆሙ። መቋሚያቸው ከሌሎቹ እኩል ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲል አየሁ። ከበሮው መፍጠን ጀመረ። አልወጡም። ነጠላዬን ጨምድጄ ይዤ እቁነጠነጣለሁ።

"ጉንዳን ገባብሽ እንዴ?" አለችኝ ጎረቤቴ።

ጭብጨባው ሊነሳ ሲል ወጡ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። አጠገቤ ሲደርሱ፣ "ደስ አለሽ? አሳፈርሽኝ!" አሉኝ።

ከኋላችን ጽፋቱ ደመቀ። እያረፉ፣ እየተነፈሱ፣ ማንም ሳይደግፋቸው ወደ ቤት ወጡ። እኔም ልደግፋቸው እጄን እየበላኝ፣ ከኋላ ከኋላቸው ተከተልኩ።