ለብረት ስም ፍለጋ

በ1988 ዓ.ም. አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ልጄ ትዕግሥት ደግሞ ስምንተኛ ክፍል። ዛሬም ዝናብ የመታው ብረት በሸተተኝ ቁጥር ያቺ የአቃቂ ቤታችን ትመጣብኛለች፤ ለግንባታ ፌሮ ስቆርጥና ሳጥፍ ውዬ ያንን ሽታ ይዤ ስገባ፣ ትዕግሥት «አባዬ፣ ብረትህ ቀድሞህ ገባ» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ክረምቱን ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ ስታነብ ከረመችና፣ መስከረም ሲጠባ ሰፈራችን ባለው ሚስዮን ግቢ ውስጥ ወደሚገኘው ማንበቢያ ቤት ልሂድ ብላ ለመነችኝ። የካቶሊኮች ነውና እንቢ አልኩ። እናቷ «መጽሐፍ ይናከሳል እንዴ፣ አንተ ሰው?» ብትለኝም፣ እኔ አንዴ እንቢ ካልኩ እንቢ ነው።

ጥቅምት ላይ የኬሚስትሪ መምህሯ፣ እንግሊዞቹ አይረን የሚሉት ብረት ምልክቱ ለምን ኤፍ ኢ እንደሆነ ጠይቆ፣ የላቲን ስሙን ፈልጋችሁ ኑ አላቸው።

«ለአንድ ቀን ብቻ ፍቀድልኝ» አለችኝ።

«ለአንድ ቃል ብለሽ ሮማ ደጅ አትቆሚም፣ እኔው አመጣልሻለሁ» ብዬ፣ ፊደል እንኳ በቅጡ ሳልለይ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታውን ጠየቅኋቸው።

ሳቅ ብለው «ላቲኑን አላውቅልህም፣ በግዕዝ ግን ኀፂን ነው» አሉኝ።

ግዕዝ ካለ ላቲን ምን ይሠራል ብዬ፣ ያንኑ አስይዤ ላክኋት። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ላቲን አይደለም» ብትለኝ፣ «ከላቲን ይበልጣል በያቸው» አልኳት።

ከሥራ ስገባ በብረቴ አላሾፈችም።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«እሺ?»

«ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ስሙ ፌሩም ነው። ያው ያንተው ፌሮ ነው፣ አባዬ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እናቷ ወጡን እያማሰለች «እንኳን ደስ ያለህ» አለችኝ። ከሮማ የመጣውን ስም ስንት ዘመን በአፌም በእጄም ይዤ ቤቴ ስገባ እንደኖርኩ ያን ማታ ገባኝ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ የፈለጉትን ቃል ማንንም ሳያስፈቅዱ ከስልክ ላይ ያወጣሉ። ያኔ ግን ቃሉ ያለው ሚስዮኑ ግቢ ነበር፣ መንገዱ ላይ የቆምኩትም እኔ።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራዬ አረፈድኩና፣ ትዕግሥትን አስከትዬ ሄጄ የሚስዮኑን በር አንኳኳሁ። ለከፈቱልኝ መነኩሲት «ልጄ ናት፣ ማንበብ ትፈልጋለች። መጽሐፉን ትንካ፣ ማተቧን ግን ማንም እንዳይነካባት» አልኳቸው።