ዲግሪዬን የጫነው ብስክሌት

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

እዚሁ ደብረ ታቦር አንድ መሥሪያ ቤት የላብራቶሪ ባለሙያ ይመዘግብ ነበር። ዋናውን የዲግሪ ማስረጃ ይዞ መቅረብ ግድ ነው። የመጨረሻው ቀን ዓርብ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የእኔ ማስረጃ ከተማርኩበት ከተማ በፖስታ ተልኮልኝ ነበር። የዚያኑ ዓርብ ጧት ፖስታ ቤት ሄጄ ስጠይቅ፣ "ጋሼ ይርዳው ይዘውት ወጥተዋል" አሉኝ።

ጋሼ ይርዳው የሰፈራችን ሰው ናቸው። ፖስታ የሚያድሉት ከፊቱ ትልቅ ሣጥን ባለው ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ነው። ለሜዳ አገር የተሠራ ነገር፣ እኛ ዳገት ላይ አምጥተው ጣሉት! ቤት ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ቆይቼ ሲመረኝ ልፈልጋቸው ወጣሁ። አሥር ሰዓት ላይ በጋፋት መንገድ፣ ጭቃ ለጭቃ ሲገፉት አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ የእኔን አሁን ይስጡኝ። ምዝገባው ሊዘጋብኝ ነው።"

"መታወቂያሽስ?"

ለካ ሳልይዝ ነው የወጣሁ።

"ያውቁኝ የለም እንዴ?"

"እኔማ አውቅሻለሁ ልጄ። ሕጉ ነው የማያውቅሽ።"

ሮጬ ቤት ሄጄ መታወቂያዬን ይዤ ብመለስ የሉም። እኔን ላለማድከም ብለው በሌላ መንገድ ወደ ቤቴ ሄደዋል! ብደውል ስልካቸው ዝግ ነው። ቤት ስደርስ አከራዬ፣ "አንቺን ፍለጋ አሁን ወጡ" አሉኝ። እንባዬ መጣ።

አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ተገጣጠምን። መታወቂያዬን አገላብጠው አዩና አስፈርመው ፖስታውን ሰጡኝ። ከዚያ ሰዓታቸውን ተመለከቱ።

"በእግርሽ አትደርሺም። ግቢ!" ብለው ሣጥኑን አሳዩኝ።

ባጃጅ የለም፣ ምን ላድርግ? ገባሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ፍሬኑ ይጮሃል፣ መንገደኛው ቆሞ ይስቅብኛል። ፖስታዬን አቅፌ ዓይኔን ጨፈንኩ።

በሩ ሳይዘጋ ደረስን። መዝጋቢዋ ቀና ብላ አየችኝና፣ "ምን አስሮጠሽ? እስከሚቀጥለው ሳምንት ተራዝሟል እኮ። ማስታወቂያውን አላየሽም?" አለችኝ።

በኋላ ተቀጠርኩ። ጋሼ ይርዳው ግን መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር አብሯቸው ላለው ሰው፣ "ይቺን ልጅ ሥራ ያስያዝኳት እኔ ነኝ" ይላሉ። ውስጤ ብግን ይላል። እውነቱን ልነግራቸው አፌን እከፍትና ደስታቸውን ሳይ፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ" ብዬ አልፋለሁ።