በሲባጎ የሰካኋቸው ስንጥሮች

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም፤ ብቻ እኛ ከተማ ቆሰበር ላይ ብርዱ የጠናበት ሰሞን ነበር። የሠራሁትን ግን አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ በወረቀት ልናገር።

ቀርከሃ ሠሪ ነኝ፤ ወንበርና አልጋ ስሠራ ነው የኖርሁት። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ላይ ያበቃ ነው፤ አማርኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ሚስቴ ስትሞት የቀረችኝ ይታይሽ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ነርስ ሆነችልኝ። ውጭ አገር ሄዳ የምትማርበት ዕድል አገኘች። የቀራት ባሕር ዳር ሄዳ የእንግሊዝኛውን ፈተና ማለፍ ነበር።

ስለ ብርታትና ስለ ድካም የሚናገሩት ቃላት አስቸገሯት። ለእኛ ደካማ ደካማ ነው፤ እነሱ ለእያንዳንዱ ድካም ለየብቻ ስም አውጥተውለታል። መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የቀርከሃ ስንጥር ልጌ ሰጠኋት፤ በፊቱ እንግሊዝኛውን፣ በጀርባው አማርኛውን ጻፈች። በጋለ ሚስማር በስቼ የብርታቱን በአንድ ሲባጎ፣ የድካሙን በሌላ ሰካኋቸው። ከሥራ ስትመለስ እኔ አማርኛውን አነባለሁ፣ እሷ እንግሊዝኛውን ትመልሳለች። ስትሳሳት አሾፍባታለሁ፤ እንግዲያውስ እርስዎ ይፈተኑልኝ ብላ ትስቃለች።

የድካሙ ሲባጎ ላይ አምስት ነበሩ። ሼኪ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ። አንስቴዲ፣ እርምጃው የማይጸና። ፌይንት፣ ራሱን ሊስት የደረሰ። ፍሬይል፣ በትንሽ ነገር የሚሰበር። የመጨረሻው ከአልጋው የማይነሣ ይላል፤ እንግሊዝኛው አፌ ላይ አልያዝ ብሎኛል።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ፈራሁ። ማን ይጦረኛል አልሁ። ማን ይቀብረኛል? እናም አስመሰልሁ። እኔ ነኝ ያስመሰልሁት፤ ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። ሰኞ ስጎርስ እጄን አንቀጠቀጥሁ። ረቡዕ ከበሩ እስከ አጥሩ ተንገዳገድሁ። ዓርብ ጧት የባሕር ዳሩ ሚኒባስ መጥቶ ቦርሳዋን ስታነሣ፣ ራሴን እንደሳተ ሰው ደጃፉ ላይ ወደቅሁ። በስንጥሮቹ ተራ፣ አንድም ሳልዘል። እንዴት ያለ አባት ነው ከልጁ ጥናት ላይ ይኸን የሚማር?

አጎንብሳ እጄን ያዘች። የደም ሥሬን ረጅም ጊዜ ዳበሰችው። ውጭ ረዳቱ ይጣራል።

«አባባ፣» አለችኝ፣ «ልብዎ ደህና ነው የሚመታው።»

ዓይኔን አልገለጥሁም። ቦርሳዋ መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ሚኒባሱ ሄደ። ዕድሉም ለሌላ ሰው ሆነ። እስከ ዛሬ አንድ ቀን አንሥታብኝ አታውቅም። አውቃ ነበር? ነርስ ናት፤ እንዴት አታውቅም? አውቃ ነው የቀረችው።

ባለፈው ክረምት ቀርከሃ ስሰነጥቅ እጄ ተንቀጠቀጠና ቢላዋው ወደቀ። እንደ ቀልድ ተውሁት። መስከረም ላይ እርምጃዬ ከዳኝ። በጥምቀት ማግስት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወደቅሁ፤ ይኸኛው አወዳደቄ እውነተኛ ነበር። በዚህ ሳምንት ደግሞ ከበርጩማ ስነሣ የግራ ክንዴ ተሰበረ። ሐኪሞቹ እርጅና ነው ይላሉ። እኔ ግን የሰካሁትን አውቃለሁ። ሲባጎው ዛሬም ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ተራው አልተዛነፈም። አንድ ቀርቷል።

ይኸን በደኅናው እጄ የጻፍሁት ፊት ለፊቷ የምናገርበት ድፍረት ስላጣሁ ነው። አምስተኛው ሳይደርስ ወረቀቱን እሰጣታለሁ። ፈርቼ ነው፣ ብቻዬን ሆኜ ነው ብዬ አላመካኝም። ይቅር ባትለኝ እውነቷን ነው። ጧት ጧት ክንዴን የምታስርልኝ፣ ብብቴን ይዛ ፀሐይ እንድሞቅ እዚያው የወደቅሁበት ደጃፍ ድረስ የምታደርሰኝ፣ እሷው ናት፤ ልጄ ይታይሽ።