ሦስት ብርድ ልብስ ለዘጠኝ ክፍል

አልጋ አንጣፊ ሆኜ የገባሁት አውቶቡስ ተራ ጀርባ ያለ ሆቴል ነው። የመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ ጋሽ ሸምሱ የቁልፍ ዘለላ ሰጡኝና "ቁጥር ታነቢያለሽ?" አሉኝ። "ቁጥሩ እኔን ካወቀኝ ይበቃል" አልኳቸው። ሳቁና ቀጠሩኝ። ሸማ ተራ ሄጄ የጥለት ክር ለመንኩ፣ በየቁልፉና በየበሩ እጀታ ላይ በየቀለሙ አሰርኩ። አንድም ቀን በር ተሳስቼ አላውቅም።

ኢህአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ቆይቶ መንግሥት ፎቁን ለስደተኞች ተከራየ። ዘጠኝ ክፍል ነው። ታች ለመንገደኛው አንሶላ በየቀኑ እቀይራለሁ፤ ፎቅ ግን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ። ለምን ስላቸው ጋሽ ሸምሱ፦

"እነሱ የትም አይሄዱ፣ በምን ያቆሽሹታል?"

ቀይ ክር ያሰርኩበት ክፍል ሐሊማ የምትባል ሶማሌ ከአባቷ ጋር ነበረች። ሽማግሌው የቆላ ሰው ናቸው፤ ሐምሌ ሲገባ ብርዱ አንቀጠቀጣቸው። ያለቻቸው አንዲት የሳሳች ብርድ ልብስ ናት። ሐሊማ እሷን ለአባቷ ትደርብና ራሷ በሽርጥ ትተኛለች።

አማርኛ የማስተምራት እኔ ነኝ፤ ከስድቡ ጀምሬ። አንድ ጠዋት ጋሽ ሸምሱን "ደህና አደሩ፣ ገብጋባው" ብትላቸው በሳቅ ልሞት! "በለጡ፣ ይሄ ያንቺ ትምህርት ነው!" ብለው ጮኹ።

ከዚያ ከስደተኞች ቢሮ ሰው ሊጎበኝ ይመጣል ተባለ። ያለን ደህና ብርድ ልብስ ሦስት ብቻ። ጋሽ ሸምሱ "ጎደለ ካለ ውሉን ያፈርሱብኛል" ብለው ላብ በላብ ሆኑ። መላውን ያመጣሁት እኔው ነኝ። ክፍሎቹን በጀርባ በኩል ሁሉንም የሚያገናኝ አንድ በረንዳ አለ።

"እርስዎ በፊት በር በወሬ ያዝ ያድርጉት፣ እኔ በጀርባ እሮጣለሁ" አልኳቸው።

ሰውየው አንዱን ክፍል አይቶ ሲወጣ ብርድ ልብሱን አንስቼ ገና ያላየው ክፍል አነጥፋለሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እንደ ሕፃን ልጅ።

ሐሊማ ክፍል ስደርስ ለሽማግሌው ደረብኩላቸው። እጄን ይዘው መረቁኝ። ሐሊማ ፊቷ በራ። ወዲያው ሰውየው በር ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ ብርድ ልብስ በቂ ነው?"

"ኧረ ያልባቸዋል እንጂ የኔ ጌታ!"

ሳቀ፣ ጻፈ፣ ወጣ።

ከሽማግሌው ላይ ገፈፍኩት። ሐሊማ ጫፉን ያዘች።

"የኛ አይደለም?"

"ልቀቂ የኔ ልጅ፣ ሰውየው ቀጣዩ ክፍል ሊደርስብኝ ነው።"

ለቀቀችው። አልሰደበችኝም። ስድቡን ሁሉ አስተምሬያታለሁ እኮ።

ሰውየው ታች ሲወርድ "ጥሩ ነው፤ ብርድ ልብስ ለጎደላቸው የምናድለው መጋዘን ሙሉ አለን፣ እዚህ ግን አልጎደለም" አለ። ጋሽ ሸምሱን አየኋቸው፣ አዩኝ። መኪናው ሲሄድ "ሮጬ ልንገረው?" አልኳቸው።

"ምን ብለሽ? ዋሽተናል ብለሽ?"

አልሮጥኩም። ያን ሁሉ በረንዳ የሮጠው እግሬ እዚያው ቆመ።

በማግስቱ የራሴን ጋቢ ወሰድኩላቸው። ሐሊማ "አመሰግናለሁ" ብላ በሩን ዘጋችው፤ ከዚያ በኋላ ከእኔ አማርኛ አልተማረችም። ሽማግሌው ነሐሴ ሳያልቅ ሞቱ። ብርዱ ይሁን ዕድሜያቸው፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም።

አልጋ የምታነጥፉ ልጆች፣ የጎደለውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሲጠይቋችሁ ጎድሏል በሉ።